ገንዘብ የሚበረክትለት ሰው ምን ዓይነት ጠባይ አለው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደመወዝ የተጨመረለት ሁሉ ኑሮው አልተለወጠም፤ ሱቅ የከፈተም ሁሉ አሥር ዓመት አልቆየም። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ገንዘብ እንዴት ይገኛል ከሚለው ይልቅ የተገኘው እንዴት ይሰነብታል በሚለው ዙሪያ የሚነሡ ናቸው። የመልሶቹ ርዝመት እኩል አይደለም። እቁብና ይሉኝታ ሰፋ ያለ ቦታ ወስደዋል፤ እኛ ዘንድ ገንዘብ የሚመጣውም የሚሄደውም በአብዛኛው በሰው በኩል ስለሆነ ነው።

ነገሩ ጠባይ ነው ወይስ ዕድል?

ዕድል ትልቅ ድርሻ አለው። ይህን የሚክድ ሰው ወይ ተቸግሮ አያውቅም፣ ወይ ረስቶታል። የትና ከማን መወለድ፣ ጤና፣ ሱቁ ያለበት ሰፈር ለልማት መፍረሱና አለመፍረሱ ከማንም ጠባይ ጋር አይገናኝም።

ጠባይም ግን የራሱ ድርሻ አለው። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚለው በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት ይችሉ የነበሩት 32 ዓመት ሲሞላቸው ከሌሎቹ የተሻለ ቁጠባና ያነሰ የገንዘብ ችግር ነበራቸው። የቤተሰባቸው ኑሮና የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም።

በአንጻሩ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዝነኛው የጣፋጭ ሙከራ አለ፤ ሕፃኑ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጥና “ሳትበላ ከጠበቅኸኝ ሁለት እሰጥሃለሁ” ይባላል። የታገሡት ልጆች አድገው የተሻለ ደረጃ ደረሱ ተብሎ ብዙ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በብዙ ልጆች ላይ ደግመው ሲያዩት፣ የቤተሰቡ ኑሮና የእናቶች ትምህርት ሲታሰብበት ልዩነቱ በጣም አነሰ። እኔን አልገረመኝም። “ቆይ” የተባለው ነገር ሳይመጣ ሲቀር እያየ ያደገ ልጅ ፊቱ ያለውን ቢበላ ምን ያስወቅሰዋል? አዋቂውም ቢሆን ያው ነው። በ2005 ዓ.ም ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ በየወሩ ሲቆጥብ ከርሞ ዕጣ ያልወጣለትን ሰው “ትዕግሥት የለህም” ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ትዕግሥት የሚያድገው ቃል በሚከበርበት ቦታ ነው።

አንድ ጠባይ ብቻ ምረጡ ቢባልስ?

ቃል አክባሪነት። ብዙ ሰው ትጋት ይላል ብሎ ይጠብቃል፤ ትጉህ ሰው ግን ሞልቷል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ አትክልት ተራ የሚወርድ፣ ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም የሚውል ሰው ትጋት አይጎድለውም። ትጋት ገንዘብ ያመጣል፤ ማሰንበት ሌላ ሥራ ነው።

የመርካቶን ዱቤ እንውሰድ። ቸርቻሪው ከአከፋፋይ ዕቃ ይወስዳል፣ ሸጦ ይከፍላል። ማስረጃው አንዳንዴ ደብተር ላይ የተጻፈ ስምና ቁጥር ብቻ ነው። ባንክ ሲያበድር ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ይጠይቃል፤ አከፋፋዩ የሚይዘው ያለፈውን አከፋፈልህን ነው። “ሐሙስ” ብሎ ሐሙስ የሚገኝ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከፍ ያለ ዱቤ ያገኛል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በራሱ ገንዘብ ሊያነሣው የማይችለውን ዕቃ ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ታማኝነቱ ወለድ የማይከፈልበት ካፒታል ሆነለት ማለት ነው።

ጠባዩ በደንብ የሚታየው ግን ሐሙስ ደርሶ ብሩ ያልሞላ ዕለት ነው። አንዱ ስልኩን ያጠፋል። ሌላው ረቡዕ ማታ ደውሎ “ነገ አይሞላልኝም፤ ግማሹን ልላክልህ፣ ቀሪውን ሰኞ” ይላል። አከፋፋዩ ሊቆጣ ይችላል፤ ደብተሩ ላይ ግን ስሙ አይሰረዝም። ስልክ አለማጥፋትን ከብዙ የቢዝነስ ሥልጠና አስበልጣለሁ።

ቼክም እዚሁ ላይ ይነሣል። የወደፊት ቀን ጽፎ ለመተማመኛ ቼክ መስጠት በንግዱ ዓለም የተለመደ ነው። ቀኑን የሚጽፈው ሰው ተስፈኛ ከሆነ ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ በሂሳብ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ስለ ራሱ ገቢ ዝቅ አድርጎ የሚገምት ሰው ፈሪ ይመስላል፤ ፖሊስ ጣቢያ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

እቁብ እጥላለሁ። ይህ ቁጠባ ነው?

ዕጣው በወጣበት ጊዜ ይወሰናል። አሥር ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ ባለዕጣው 50,000 ብር ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው፤ ቀሪውን ዘጠኝ ወር ዕዳውን ይከፍላል። መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ከሆነ የመጨረሻው ባለዕጣ በ50,000 ብሩ የሚገዛው፣ የመጀመሪያው በ43,600 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሒሳብ ብቻ ካየነው እቁብ ለሁሉም እኩል አያዋጣም።

ታዲያ ሰው ለምን ይጥላል? ምክንያቱም ብቻውን አይቆጥብም! ባንክ ያለው ሂሳብ ሳያስገቡበት ሁለት ወር ቢያልፍ ማንም አይጠይቅም። እቁብ ላይ ግን ሰብሳቢው ይደውላል፣ ጸሐፊው ስም ይይዛል፣ ዕጣ ቀድሞ ለወሰደ ሰው ዋስ የሆነው ጓደኛ ፊት ይነሣል። ለራስ ብቻ የተሰጠ ቃል ይላላል፤ አሥር ሰው የሰማው ቃል ይጠብቃል። እቁብ ከወለድ የሚበልጥ ነገር የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ዕጣው ሲደርስም በእጅ የሚገባው ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ ለሽርፍራፊ ወጪ አይውልም።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ የሚውልበት ነገር ተወስኖ መቀመጥ አለበት። ዕጣ በወጣ ማግስት የሚታየኝ የአዲስ ስልክና የምሳ ግብዣ ብዛት ያሳዝነኛል። ሁለተኛው፣ የአንዱን እቁብ ዕጣ ወስዶ የሌላውን መክፈል ነው። ሦስትና አራት እቁብ የያዘ ነጋዴ ከውጭ ሲታይ የደራለት ይመስላል፤ አንዱ ሲጓተት ግን ሁሉም አብረው ይጓተታሉ፣ ዋሶቹም ተራ በተራ ይጠራሉ። ከዕለት ሽያጭዎ ላይ ሳይጨነቁ ከሚያወጡት በላይ እቁብ አይግቡ።

ይሉኝታ ገንዘቤን ጨረሰው። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ የገንዘብ ምክሮችም እምብዛም የማይረዱን እዚህ ላይ ነው። “ለሌላ ከመስጠትህ በፊት ለራስህ ክፈል” ይላሉ። እዚህ አገር አንድ ሰው ደመወዝ ሲቀበል የእናት መድኃኒት፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት፣ የእድር መዋጮ፣ የሥራ ባልደረባ ሠርግ አብረው ይጠብቁታል። ይህን ሁሉ እንደ ብክነት መቁጠር ስሕተት ነው። ጡረታም መድንም የሌለው ቤተሰብ መድኑ ዘመድ ነው፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ሲታመም ይሰጠዋል። እድር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር የኖረ ሰው ቀብር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

ችግሩ ሳይወሰን መስጠቱ ነው። የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው በችግሩ መጠን ሳይሆን በድምፁ መጠን ሲሆን ኪስ ይራቆታል፤ ዝም ያለው አያት ተረስቶ ሦስቴ የደወለው የአጎት ልጅ ይሰጠዋል። መላው መስጠትን ራሱን በጀት ውስጥ ማስገባት ነው። በየወሩ “ለሰው” የሚባል የተቆረጠ ገንዘብ ይኑር፤ መጀመሪያ የወላጅ ይውጣለት፣ ቀሪው እስኪያልቅ ይሰጥ፣ ሲያልቅ “የዚህ ወር አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር አስብልሃለሁ” ይባል። ይህ መልስ “የለኝም” ከሚለው ውሸት ይሻላል። ሰውየው በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ደግሞ በእርግጥ ይታሰብለት።

ብድር ከሆነ የተጠየቁት፣ ባይመለስ የማያቄያይምዎትን ያህል ብቻ ይስጡ። 20,000 ብር ጠይቆ 3,000 ብር “ይኸው፣ አትመልሰው” የተባለ ወዳጅ ይቀየም ይሆናል። 20,000 ወስዶ መመለስ ያቃተው ወዳጅ ግን መንገድ ይቀይራል፤ ገንዘቡም ሰውየውም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

ዋስ መሆን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ኪስ ውስጥ የሌለ ገንዘብ መስጠት ነውና። ብዙ ሰው “ፊርማ ብቻ ነው” እየተባለ ይፈርማል። ቢያንስ ሁለት ነገር ይወቁ። ውሉ ላይ “የአንድነትና የነጠላ ዋስ” የሚል ካለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 መሠረት አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይከስ በቀጥታ እርስዎን መጠየቅ ይችላል። ደግሞም በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትናው የሚሸፍነው ከፍተኛ መጠን በግልጽ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባዶ የተተወ ወረቀት ላይ በጭራሽ አይፈርሙ፤ በኋላ የሚሞላበት ሌላ ሰው ነው።

ባለትዳር ከሆኑ የተዘጋጀ መልስም አለልዎ። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም፣ ለማበደርም፣ ለዚያው ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆንም የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። “ባለቤቴን ላማክር” ማለት ሰበብ አይደለም፤ ሕጉ የሚለው ነው።

ሠርግስ?

ድግሱን የሚወስኑት ሁለቱ ሙሽሮች ሳይሆኑ “ሰው ምን ይላል” የሚለው ስለሆነ ነው የሚከብደው። ተበድሮ ደግሶ የጫጉላ ወሩን ዕዳ ሲከፍል ያሳለፈ ሰው ጥቂት አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፦ ይህ ገንዘብ ቤት ኪራይ ስንት ወር ይከፍላል? ከስድስት ወር በላይ ከሆነ የመልሱን ወይም የቅልቅሉን ድግስ መቀነስ ነውር የለበትም።

ቆጣቢና ስስታም በምን ይለያሉ?

ቆጣቢ ራሱ ላይ ይቆጥባል፤ ስስታም ሌላው ላይ። ሠራተኛውን በወር መጨረሻ “ነገ ና” የሚል፣ የሊስትሮውን ሁለት ብር የሚከራከር ሰው ቆጣቢ አይባልም። የሠራተኛ ደመወዝ ማዘግየት በተለይ አያዋጣም፤ ሠራተኛው የሚችለውን ያህል በሌላ መንገድ ያካክሰዋል።

በዚህ የዋጋ ንረት መቆጠብ ሞኝነት አይደለም?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ዝም ብለው ቆጥቡ የሚሉ ሰዎች ሲሸሹት አያለሁ። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆነ። በሰኔ 2014 ዓ.ም ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ7 በመቶ ወለድ ገንዘብ እጥፍ የሚሆነው በ10 ዓመት ገደማ ነው፤ በ30 በመቶ ንረት ዋጋ እጥፍ የሚሆነው ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ባንክ ብቻ የተቀመጠ ብር ተጎድቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ “ስለዚህ ይበላ” የሚለው ድምዳሜ አይመጣም። የተበላው ብር 100 በመቶ ነው የጠፋው። ሊለይ የሚገባው የገንዘቡ ሥራ ነው። ለሕመም፣ ለሥራ ማጣት፣ ለድንገተኛ መንገድ የሚቀመጥ የሦስት ወር ወጪ ባንክ ይቀመጥ፤ ቢሸረሸርም በተፈለገ ሰዓት ይገኛል። ዋጋው የሚሸረሸረው እንደ መድን ክፍያ ይቆጠር። ከዚያ የተረፈው ግን ሥራ ወደሚሠራበት ይሂድ፦ ለልብስ ሰፊው ሁለተኛ ማሽን፣ ለባለሱቁ ዕቃ፣ ለተቀጣሪው ገቢ የሚጨምር ሙያ። ምርጫው በጠባይ ላይ የሚመሠረተው እዚህ ጋ ነው፤ ንረት ሲያስደነግጠው የማያስፈልገውን ዕቃ የሚሰበስብ ሰውና ንረት ሲመጣ የሚሸጠውን የሚያበዛ ሰው አንድ አይደሉም።

ራሴን መግዛት አልችልም። እጄ ላይ ብር አይቆይም።

እንግዲያው እጅዎ ላይ አይቆይ። ጠንካራ ፈቃድ አለኝ ብሎ በየቀኑ ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው አንድ ቀን ይሸነፋል፤ ብልሁ ትግሉ እንዳይነሣ ያደርጋል።

በፊሊፒንስ አንድ የገጠር ባንክ ለአንዳንድ ደንበኞቹ ልዩ ሂሳብ አቀረበላቸው፤ ራሳቸው የወሰኑት ቀን ወይም መጠን እስኪደርስ ድረስ ገንዘባቸውን ማውጣት አይችሉም። ወለዱ ከተራው ሂሳብ አይበልጥም፤ ጥቅሙ መቆለፉ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከተጠየቁት ከአራት አንዱ ገደማ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ ዕድሉ የቀረበላቸው ደንበኞች ቁጠባ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በ81 የመቶኛ ነጥብ የበለጠ አድጎ ነበር።

እኛም ዘንድ መቆለፊያው አለ። በመሥሪያ ቤት ያለው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘቡን ደመወዝ እጅ ከመግባቱ በፊት ይቆርጠዋል። ጡረታም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ከግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል፣ ማንም ስለ ጠንካራ ፈቃድ ሳያወራ። ካርድ የሌለው፣ ከስልክ ባንክ ጋር ያልተያያዘ፣ ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ያለ ሁለተኛ ደብተር መክፈትም ይሠራል። ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚያስፈጅ ገንዘብ ለሻይ አይወጣም።

ደመወዜ ለወሩ እንኳ አይበቃም። ጠባይ ምን ያደርግልኛል?

ብዙም ላያደርግልዎ ይችላል። ገቢው ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ካላለፈ የሚስተካከለው ገቢው እንጂ ሰውየው አይደለም። እንዲያውም ችግር ራሱ ጠባይ ያበላሻል። በሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች አዝመራው ከመሸጡ በፊት፣ እጃቸው ባዶ በሆነበት ወቅት፣ የማሰብ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሽያጩ አልፎ ገንዘብ ሲገባ እነዚያው ሰዎች የተሻለ አመጡ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ሰዎቹ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ኪሳቸው ነው። ስለዚህ የተቸገረን ሰው ውሳኔ አይቶ “ለዚህ ነው የደኸየው” ለማለት የሚቸኩል ሰው ነገሩን ገልብጦ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚጠቅመው ጠባይ አንድ ነው፦ የሚሸጥ ሙያ ለመማር አለማፈር። ዲግሪ ይዞ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መማር፣ የቢሮ ሥራ እየሠሩ ቅዳሜ እንጀራ ማከፋፈል። “ሰው ያየኛል” የሚለው ስንቱን አስቀርቷል!

በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ሮናልድ ሪድ የሚባል ሰው ነበር፤ ነዳጅ ማደያና የጽዳት ሥራ ላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 በ92 ዓመቱ ሲሞት 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትቶ ተገኘ፣ አብዛኛውንም ለሆስፒታልና ለቤተ መጻሕፍት አወረሰ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ሰውየው በእርግጥ የሚደነቅ ቆጣቢ ነበር። ይሁንና ለአሥርት ዓመታት አክሲዮን የሚገዛበት የተረጋጋ ገበያ በደጁ ነበረው። ያው ጠባይ ያለው የጎንደር ዘበኛ ያን ገበያ አላገኘም።

“ብሩን አስገባ፣ በወር እጥፍ ይሆናል” የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ፈሪ ነኝ ማለት ነው?

የለም፤ ጤነኛ ነዎት። የሚከፈልዎት ትርፍ ከሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን ከኋላ ከሚገቡ ሰዎች ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ፒራሚድ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ይከለክለዋል። ብዙ ሰው የሚጠመደው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያመጣለት ሰው ዘመድ ወይም የጸሎት ጓደኛ ስለሆነ “አላምንህም” ማለት ስለሚያፍር ነው። “አልገባኝም፣ ያልገባኝ ነገር ላይ ብር አላስገባም” ማለት ይበቃል። ማንንም አያስቀይምም።

በሕግ የተፈቀደውም ቢሆን ማንበብ ይጠይቃል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ 300 ብር፣ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለድርሻ ሆኗል እንጂ በባንክ ወለድ የሚታሰብለት ቁጠባ አላስቀመጠም። ሁለቱን ሳይለዩ የገዙ ነበሩ።

የስልክ ብድር ልውሰድ?

በ2014 ዓ.ም ክረምት ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር መላ የተባለውን ብድርና እንደኪሴ የተባለውን የጎደለ ማሟያ ሲያመጣ ብድር በደቂቃ የሚገኝ ሆነ። ዕቃ ገዝቶ በሳምንት ለሚሸጥ ሰው ጠቃሚ ነው። ለምሳና ለካርድ ከሆነ ግን ደመወዙ ሳይደርስ ተበልቶ ይጠብቅዎታል። ሳንዱቅ የተባለው ቁጠባም እዚያው ስልክ ላይ እንዳለ ልብ ይሏል።

ዐረብ አገር ነኝ። በየወሩ እልካለሁ፣ ምንም የተቀመጠ የለም።

ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት እየሠሩ፣ የላኩት ብር ለዓመት በዓል በግና ለወንድም ባጃጅ ዋስትና ሲውል ዓመታት ያልፋሉ። ጥፋቱ የቤተሰብ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የመጣው ገንዘብ ለምን እንደተላከ ካልተነገራቸው እንደ ወር ገቢ ይቆጥሩታል። ስለዚህ የሚላከው ለሁለት ይከፈል። የቤተሰቡ መጠኑ ታውቆ ለቤተሰብ፣ የእርስዎ ደግሞ በራስዎ ስም በተከፈተ፣ ሌላ ሰው በማያንቀሳቅሰው ሂሳብ። መጠኑን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ተደብቆ የሚገኝ ሂሳብ ከመንገር የባሰ ጠብ ያመጣል።

ቦታ ወይም ቤት በሰው በኩል የሚያስገዙ ከሆነ ውሉ በእርስዎ ስም እንዲሆን ውክልና ይስጡ፤ ውክልናው ላይ “መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ” የሚሉ ቃላት ገብተው እንደሆነ ቃል በቃል ያስነብቡ። የማያስፈልጉ ከሆነ ይውጡ። ሥራው ሲያልቅ ውክልናውን መሻር መብትዎ ነው። ይህን ማድረግ ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ወንድምን ከፈተና ማዳን ነው።

ባለቤቴ አባካኝ ነው ብዬ ብር እደብቃለሁ። ልክ ነኝ?

ከገበያ ተመላሽ ሳንቲም ማስቀመጥ እናቶቻችንም ያደርጉት ነበር፤ ስንት ቤት አድኗል። ትልቅ ገንዘብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በትዳር ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ በሕግ የጋራ ነው፤ የተደበቀው አንድ ቀን ሲገለጥ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ድብቁ ያጣላል። የሚሻለው ሁለቱም ሳይጠያየቁ የሚያወጡት ትንሽ የግል ገንዘብ ተቆርጦ፣ ቀሪው ላይ በወር አንድ ጊዜ አብሮ መቀመጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች በጭቅጭቅ ያልቃሉ። ይለመዳል።

ልጆቼን እንዴት ላስተምር?

ምክር ይቅርና ቀን የማይዛነፍ ትንሽ ገንዘብ ይስጧቸው። ቅዳሜ ካሉ ቅዳሜ ይሁን። ሰኞ ጨርሶ ቢመጣ እስከ ቅዳሜ ይጠብቅ፤ አባት ሳያይ እናት እየጨመረች ከሆነ ትምህርቱ ተበላሸ። እህትና ወንድሙ ሲጣሉ በእሱ ብር አያስታርቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የአበባየሆሽና የቡሄ ብር “እኔ ጋ ይቀመጥልህ” ብለው ከወሰዱ፣ ልጁ በሚያየው ደብተር ላይ ይጻፉና በጠየቀ ዕለት ሳይቀነስ ይመልሱለት።